ጀርባውን ለትግሉ የሰጠው ተርጓሚ

የስንብት ደብዳቤ ተጽፎለት፣ ኬክ ተቆርሶለት ጡረታ የሚወጣ ሰው አለ። እኔን ጡረታ ያወጣኝ ስልክ ነው። ሰው ሁሉ ፊልሙንም ትግሉንም ኪሱ ውስጥ ይዞ መዞር ሲጀምር፣ በአማርኛ ተተርጉሞ የሚመጣው ቴሌቪዥንም በየቤቱ ሲገባ፣ የአርባ ምንጭ ቪዲዮ ቤቶች አንድ በአንድ መጋዘንና ሞባይል መጠገኛ ሆኑ። ሥራህ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ሲያጋጥመኝ ተርጓሚ ነበርኩ እላለሁ። የምን ሲሉኝ የትግል እላለሁ፤ ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔ በዚህ አፌ ልጆች አሳድጌበታለሁ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነበር። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ የጋሽ ሸምሱ ሱቅ አለ። ጋሽ ሸምሱ ከስልጤ አገር በወጣትነቱ መጥቶ እዚሁ የሸበተ ነጋዴ ነው። ከፊት ድስትና ፍራሽ ይሸጣል፣ ከኋላ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ ቪዲዮ ያሳያል። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ስለተሸፈኑ ውጭ ፀሐይ አናት ሲበሳ ውስጥ ጨለማ ነው። ሙቀቱን የአርባ ምንጭ ሰው ያውቀዋል፣ ለሌላው ብነግረውም አያምነኝም። ከፊት ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ዴክ፣ በግራ በኩል ደግሞ ቆሞ የሚናገር ሰው አለ። ከሚታየው ሁሉ ሰው የሚወደው የአሜሪካኖቹን ትግል ነበር፤ ከትግሉም በዓመት አንዴ የሚመጣውን ትልቁን ዝግጅት። እዚያ አገር ሰው ያንን አንድ ዝግጅት ለማየት በየቤቱ ለብቻው ይከፍላል ይባላል። እኛ ጋ ተቀድቶ በሲዲ፣ በአዲስ አበባ አውቶቡስ፣ ሳምንታት ዘግይቶ ይደርሳል። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «የዓመቱ» ነው የሚባለው። የዓመቱ መጣ ከተባለ ከጫኖ ሙዝ ገበሬው፣ ከዶርዜ ሸማኔው፣ ከምዕራብ ዓባያ ሳይቀር ሰው ይመጣ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ አንጁሎ ነው። እሱ መጀመሪያ የስብከት አስተርጓሚ ነበር፤ ሰባኪው በአማርኛ ሲናገር ተከትሎ በጋሞኛ ይናገራል። ሰባኪው ሲጮህ ይጮሃል፣ ሲያለቅስ ያለቅሳል። ለምን እንደተወው ብጠይቀው «ሰባኪዎቹ አጠሩብኝ» አለኝ፤ ቀልድ ይሁን ምሬት አላወቅሁም። እንግሊዝኛው ከእኔ አይሻልም ነበር፣ የእኔ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ግን እሱ ሲናገር የተጠራጠረ ሰው አላየሁም። በአማርኛ ጀምሮ በጋሞኛ ይጨርሳል፤ የወላይታ ሰው መሀል ተቀምጦ ካየም አንድ የወላይታ ቃል ጣል ያደርግለታል። ለትግለኞቹ ስም የሚያወጣውም እሱ ነው። ዛፍ የሚያክለው «ግንዱ» ተባለ፣ ፊቱን የማያሳየው ደግሞ «ጭንብሉ»። እናቶቻቸው ያወጡላቸውን ስም ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

አንድ ልማድ ነበረው፤ እስከዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ሲተረጉም ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ይሰጣል። አንዴም ዞሮ አያይም። ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ ወደ ሰዉ ዞሮ ይቆምና ማን እንደወደቀ፣ ማን ገመዱ ላይ እንደወጣ፣ ማን ወንበር እንዳነሳ ይናገራል። የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃን ሰዉ ፊት ላይ ይንቀሳቀሳል፣ እሱ ከዚያ ያነባል። የቀረውን የሚያውቀው ከድምፅ ነው። ትልቅ ሰው በጀርባው ሲወድቅና በጎኑ ሲወድቅ የሚሰማው ይለያያል። ዳኛው ወለሉን በመዳፉ ሲመታ ድምፁ ደረቅ ነው። እኔንም ባዶ አዳራሽ ውስጥ ዓይኔን በፎጣው አስሮ፣ ሲዲውን ከፍቶ፣ አሁን የወደቀው ማነው እያለ አስተምሮኛል።

«ስማ፣ ተንፍስ፣ ከዚያ ተናገር» ይለኝ ነበር። «ካልተነፈስክ ትቀድማቸዋለህ። መቅደም ጥሩ አይደለም።»

የወደቀ ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ ነበረው። ሰውዬው አንገቱ ተቆልምሞ ቢተኛ፣ በቃሬዛ ቢወጣ፣ ሞተ አይባልም። ጋሼ የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ደከመው። ደከመው እንጂ ሌላ አይደለም፤ ይነሳል።» ይህን ሲል አዳራሹ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይለቃል። ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቅ ስጠይቀው፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው አንድን አፍ ሲሰማ የተነገረው ቃል ቦታ ይይዛል አለኝ። ትግሉ እውነት ነው ወይስ ጨዋታ ብለው ለሚጠይቁት ደግሞ መውደቁ እውነት ነው ይላል፣ ከዚያ በላይ አይጨምርም።

እኔ ሕጉን የተማርኩት በማፈር ነው። ጋሽ ሸምሱ በገበያ ቀን ቴሌቪዥንና ጄኔሬተር አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ ገጠር ይልከን ነበር፤ ምዕራብ ዓባያ ለብቻዬ የተላክሁበት የመጀመሪያው ቦታ ነው። ሲዲውን ሲቀላ ደጋግሜ ስላየሁት በቃሌ ይዤዋለሁ። ጎበዝ ለመባል ቸኮልኩና መተንፈሱን ረሳሁ። አሁን ይወድቃል እላለሁ፣ ይወድቃል። አሁን እግሩን ይይዘዋል እላለሁ፣ ይይዘዋል። መጀመሪያ ሰዉ ተደሰተ። ቀስ በቀስ ዝም አለ። ፊታቸውን ሳየው ብርሃኑ ጉንጫቸው ላይ ይጫወታል፣ ዓይናቸው ግን ቴሌቪዥኑ ላይ አልነበረም። አፌን ነበር የሚያዩት።

ሲያልቅ አንድ ንጹሕ የለበሰ ጎልማሳ መኪናው አጠገብ ጠበቀኝ። ከነቤተሰቤ ደህንነቴን ጠየቀ፣ ስለ መንገዱ አጫወተኝ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ሲወድቅ የጎረቤቱን ስም እንድጠራለት ለመነኝ። «ስሙን ብቻ ነው። ሌላ ምንም አታድርግ» አለኝ። ይኼ እኮ የተቀዳ ነው፣ ያለቀ የቆየ ነገር ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። እሱንማ አውቃለሁ ብሎ ፈገግ አለ። በሚቀጥለው ገበያ ስንሄድ ማንም አልቀረበም፤ ራቅ ብለው ቆመው አዩኝ። ጋሽ ሸምሱ የነዳጁን ወጪ እያነሳ ሲቆጣኝ ከረመ። ጋሽ አንጁሎ ግን ሁሉንም ሰምቶ «ቀደምካቸው» ብቻ አለኝ፣ ለብዙ ጊዜም ብቻዬን አላስቆመኝም።

አሁን ወደ ወንድሙ ልምጣ። ጋሽ አንጁሎ ቶማ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው፣ ጫኖ ሙዝ የሚያለማ። ሁለቱ የአባታቸውን መሬት ተካፍለው ከአንድ ቦይ ነበር የሚያጠጡት። በአንድ ደረቅ ዓመት በውሃ ተራ ተጣሉና ጋሼ በአካፋ እጀታ የቶማን ግራ ጆሮ መታው። ጆሮው በዚያው ደነቆረ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ይሁን እንጂ የዓመቱ ሲመጣ ቶማ ቀርቶ አያውቅም። ከፊት በቀኝ በኩል ይቀመጥና፣ የደነቆረውን ጆሮ ወንድሙ ወደ ቆመበት ያዞራል። ድምፅህን አልሰማም ማለቱ ነው። ጋሼም የሁሉን ፊት ሲያነብ የቶማን ፊት ይዘላል። እኔ በመካከላቸው ቆሜ ሁለቱንም ስለማይ አንጀቴን ይበሉኝ ነበር።

የጋሼ ድምፅ መሻከር ሲጀምር ብርድ መሰለን። ማርና ዝንጅብል በላይ በላዩ ጠጣ። በኋላ አዲስ አበባ ያዩት ሐኪሞች ጉሮሮው ውስጥ ያበጠው ነገር በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት፣ ሲወጣ ግን ድምፁን ይዞት እንደሚሄድ ነገሩት። ቀጠሮ ይዞ ተመለሰ። ዶርዜ ያሉ ዘመዶቹ ይኼ ጎሜ ነው አሉ። ጎሜ ሰው ሊነካ የማይገባውን ሲነካ፣ የእናቱን ልጅ ሲያደማ፣ ውሎ አድሮ በራሱ ላይ የሚመጣው ጣጣ ነው። የሚፈታውም ጥፋተኛው በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ፣ የበደለው ሰው እየሰማው ሲናገር ነው። ሌላ ሰው አይናገርለትም።

ጋሼ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆነ በጎሜ አያምንም ነበር፤ ቢያንስ አላምንም ይል ነበር። ግን ቶማን ይቅርታ ሳይጠይቅ አፉ ሊዘጋ መሆኑ እንቅልፍ ነሳው። ሽማግሌዎቹ ቶማን ወደ ዱቡሻ፣ ወደ መሰብሰቢያው ሜዳ ጠሩት። ቀረ። ደግመው ላኩበት፤ ጆሮ የለኝም፣ ብመጣም አልሰማም ብሎ መለሰ። የቀጠሮው ቀን እየቀረበ ነበር።

«ታዴ፣ የስንቱን ሰው ነገር ተርጉሜ የራሴን ሳልናገር መዝጋቴ ነው» አለኝ አንድ ከሰዓት፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ። አለቀስኩ፣ እሱ ነው ያጽናናኝ።

በዚያው ሰሞን የዓመቱ መጣ። እሁድ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሰው በሰው ላይ ተቀመጠ። እኔ ልሥራው ብዬ ብለምነው ጋሼ አሻፈረኝ አለ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ቶማም በቦታው ነበር፣ ግራ ጆሮውን ወደ እኛ አዙሮ። የመጨረሻው ግጥሚያ የግንዱና የጭንብሉ ነው። ሁለቱ ለዓመታት ጥንድ ሆነው ሲታገሉ የኖሩ ናቸው፤ ያን ዓመት ተጣልተው ነበር። ጋሼ እስከ መሀል ድረስ ተናገረ። ከዚያ አፉ ይከፈታል፣ የሚወጣው አየር ብቻ ሆነ። ፎጣውን ከትከሻው አንስቶ እኔ ትከሻ ላይ ጣለው። ተረከብ ማለቱ ነው። ራሱ ግን አልተቀመጠም፣ አጠገቤ ቆሞ ቀረ።

እኔም እንዳስተማረኝ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ጀመርኩ። ግንዱ ወደቀ አልኩ። ጭንብሉ ከመድረኩ ሥር ወንበር አወጣ አልኩ። በዚህ ጊዜ የበሩ ብርድ ልብስ ተገለጠና ፀሐይ ገባ፤ ከፀሐዩ ጋር አባባ ዋዳ ገቡ። የእነ ጋሼ እናት ወንድም ናቸው፣ ዶርዜ ውስጥ የተከበሩ ሽማግሌ። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል። እኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ በተጣሉ ሰዎች መካከል ከተንበረከከ ድንጋይ ያነሳ እጅ ይመለሳል፤ ያንን ሳር ተራምዶ የሚያልፍ የለም። አባባ ዋዳ በአግዳሚዎቹ መካከል ቀጥ ብለው መጥተው ቴሌቪዥኑ ሥር ተንበረከኩ፣ ሳሩንም ከፍ አደረጉ።

ሰዉ ሽማግሌው ትግለኞቹን ሊገላግሉ የመጡ መስሎት ሳቀ። አንዱ ከኋላ «አባባ፣ ይኼ እኮ ፊልም ነው» አለ። እኔም ከመሳቅ ራሴን ያዝኩ። ጭንብሉ ወንበሩን አነሳ ካልኩ በኋላ ወንበሩ እስኪያርፍ እየጠበቅሁ ነበር። ሰማሁ፤ ምንም የለም። ተነፈስኩ፤ አሁንም ምንም የለም። የምናገረው አልነበረኝም። ሳቁ ጠፋ። ፊታቸውን ሳየው ሁሉም አፉን ከፍቶ ደርቋል። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉን ጥሼ ዞርኩ።

ሁለቱ ትግለኞች ባሉበት ቆመዋል። ጭንብሉ ወንበሩን ከራሱ በላይ እንዳነሳ፣ ግንዱ በጉልበቱ እንዳለ። መጀመሪያ ሲዲው ተይዞ የቆመ መሰለኝ። ግን ከኋላቸው ያለው ሕዝብ ይንቀሳቀሳል፤ ባንዲራ የሚያወዛውዝ ሰው አለ፣ ዳኛው ላቡን ይጠርጋል። የቆሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የሁለቱም ዓይን ወደ ታች፣ አባባ ዋዳ ወደ ተንበረከኩበት ያያል። በዚያ ሙቀት ጥርሴ ሲጋጭ ይሰማኝ ነበር።

ያኔ ጋሼ መናገር ጀመረ። ጀርባውን እንደሰጠ ነው፣ አልዞረም። ለወራት ያልሰማሁት የጥንቱ ድምፅ ነበር። በጋሞኛ፣ ትግል በሚተረጉምበት አነጋገር ተናገረ።

«ውሃው የታናሹ ተራ ነበር። ታላቁ ይህን ያውቃል። ታላቁ አካፋውን አነሳ። ታናሹ ተው አለው። ታላቁ መታው፣ ጆሮው ላይ መታው። ታናሹ ቦዩ ውስጥ ወደቀ።»

አባባ ዋዳ ቀና ሳይሉ «ታላቁ ማነው?» አሉ።

ጋሼ ተነፈሰ። «እኔ ነኝ» አለ። «አንጁሎ ነኝ። የወደቀው ቶማ ነው። ያለ ጥፋቱ መታሁት።»

ቶማ አልተንቀሳቀሰም። ያ የደነቆረ ጆሮው ወደ እኛ እንደዞረ ነው። አልሰማውም ብዬ ልቤ ተሰበረ፤ አንድ ጊዜ የወጣው ድምፅ ተመልሶ እንደማይመጣ ተሰምቶኝ ነበር። ከዚያ ቶማ ተነሳ። መጥቶ ከአባባ ዋዳ እጅ የሳሩን ግማሽ ወሰደና ተንበረከከ። ጋሼም ከአጠገባቸው ተንበረከከ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ወንበሩ ሲያርፍ ከመሬት ዘለልኩ። ደወሉ ተደወለ። የዚያን ዓመት ማን እንዳሸነፈ አርባ ምንጭ ውስጥ ብትጠይቁ የሚነግራችሁ የለም፤ ሁሉም ሰው የሚያየው ወለሉን ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ሸምሱ ሲዲው ተቧጭሮ ይሆናል ስላለ አብረን ከፈትነው። ጭንብሉ ወንበሩን አንስቶ ያንኑ ጊዜ ያወርደዋል። መልሰን አየነው። ምንም መቆም የለም፣ ወደ ታች የሚያይም የለም። ጋሽ ሸምሱ ፂሙን ነካካ። «ወላሂ ቆመው አይቻለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «ዝጋው በል።» ከዚያ ወዲህ ያ ሲዲ ሱቁ ውስጥ እንዲያድር አልፈቀደም፣ የት እንዳደረሰውም አልጠየቅሁትም።

ጋሼ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት ልጠይቀው ደፈርኩ። ድምፁ ተመልሶ ተዘግቷል፣ በሹክሹክታ ነው ያዋየኝ።

«እናንተ ቆሙ ትላላችሁ፤ እኔ አላየሁም» አለኝ። «የሰማሁት ሲመታ ነው። ያንኑ ምት፣ ደግሞ ደጋግሞ። የወንበር ድምፅ አልነበረም፣ እንጨት ነው። እኔ ነኝ ስል ነው ያቆመው።»

ድምፁን ትቶ ተመለሰ፤ ከዚያም በሰላም ዓመታት ኖረ። ሥራው ሙሉ በሙሉ በእኔ ላይ ወደቀ። እሱ የዓመቱ ሲመጣ አሁንም እየመጣ፣ በጥንቱ ጥግ ወንበር ላይ፣ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ ይቀመጣል። ቶማ አጠገቡ ነው። የሚገርመኝ ግን ቶማ አሁንም የደነቆረ ግራ ጆሮውን ወደ ወንድሙ አድርጎ መቀመጡ ነበር። እኔ እየተናገርኩ ሳለ ምንም የሚያስቅ ነገር ሳልል ቶማ ብቻውን ይስቃል፤ ጋሼ ድሮ ቀልድ ጣል የሚያደርግበት ቦታ ላይ ነው የሚስቀው። አንድ ቀን፣ ጋሽ ቶማ፣ ታርቃችሁ እንኳ ደንቆሮውን ጆሮ ነው የምትሰጠው ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

«ያን ቀን በየትኛው ጆሮዬ የሰማሁት መሰለህ?» አለኝና ግራ ጆሮውን ነካ። «በዚህ ነው። ሌላ ሰው በዚህ አይሰማኝም። እሱን ብቻ ነው የምሰማው።»

ጋሼን ዶርዜ ቀበርነው። ከሁለት «የዓመቱ» በኋላ ደግሞ ጋሽ ሸምሱ ሰው መምጣት ስላቆመ አዳራሹን የፍራሽ መጋዘን ሊያደርገው ወሰነ። በቴሌቪዥኑ ሽያጭ ተከራክረን፣ ተሳስቀን፣ ብርድ ልብሶቹን አወረድን። ፀሐይ ሲገባ ያ ሁሉ ዓመት የቆምኩበት ቤት ይህን ያህል ጠባብ መሆኑን አየሁ። ቶማ ሊሰናበተን ከጫኖ መጥቶ በድሮ ቦታው ተቀምጦ ነበር፣ ግራ ጆሮውን ወደ ባዶው ጥግ አዙሮ። አግዳሚውን ልናነሳ ስንጠጋ እጁን አንስቶ ቆዩ አለን።

ጋሽ ሸምሱ በልቡ ዱዓ አድርጎ ወደ ሱቁ ወጣ። እኔ ግን የጋሼ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ነበርና ሳልጠይቅ መሄድ አልቻልኩም። ምን ይላል አልኩት።

ቶማ ትንሽ አዳመጠ። «ደከመኝ ነው የሚለው» አለ። «ደከመኝ እንጂ ሌላ አይደለም ይላል።»

አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ ጋሼ ለወደቀ ሰው ሁልጊዜ ከዚያ ቀጥሎ የሚላትን ቃል ቶማ እስኪነግረኝ መጠበቅ ጀመርኩ።